ቁጥሩ ትክክል ነው

አላዋቂን አልንቅም። አላዋቂ ሆኜ ነው የተወለድኩት፤ እግዚአብሔር ያላሳየኝንም አላየሁም። የምንቀው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ቀመሩን በቃሉ ይዞ፣ ቀመሩ ስለ ምን እንደሚናገር አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ የማያውቀውን። ጂንካ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ገጥሞኛል። አንደኛው የሳይንስ ክፍላችን ኃላፊ ነው። ሁለተኛዋን ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ኃላፊያችን በአንድ ሶሻሊስት አገር የስድስት ወር ኮርስ ወስዶ መጥቷል። ከዚያ ይዞት የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ጥቁር የቆዳ ጃኬትና “በሳይንስ ዓይን ሲታይ” የምትል አነጋገር። ጃኬቱን በዚያ ሙቀት ከላዩ አያወርደውም፤ አነጋገሩንም ከአፉ። ምሳ ሲዘገይ በሳይንስ ዓይን ይታያል፣ የተማሪ ጸጉር ሲረዝም በሳይንስ ዓይን ይታያል። ላብራቶሪ የምንለው ክፍል ውስጥ አንድ ሚዛን፣ ስድስት የመስታወት ቱቦና አንድ የተዘጋ ቁም ሣጥን ነበር። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ ይዞራል። በኋላ ሲከፈት ውስጡ የኃላፊው ጃንጥላ ተገኘ።

እኔ ከጎጃም ነኝ። በዲፕሎማ ተመርቄ ዕጣ ሲወጣ ጂንካ ደረሰኝ፤ ካርታ ፊት ቆሜ ጣቴን ወደ ታች፣ ገና ወደ ታች ሳወርድ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ እናቴ አርጅታለች፣ ብቻዋን ናት። ኮሚቴው በየዓመቱ “ለጊዜው አልተቻለም” ይላል። ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ያ ጃኬት አለ። ስለዚህ ጠንቃቃ ነበርኩ። ነጠላዬን አጣጥፌ በቦርሳ እይዝና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስደርስ ነው የምለብሰው። ስብሰባ ላይ ከመጨረሻው ረድፍ ፊት ያለውን እመርጣለሁ፤ የመጨረሻው ያስጠረጥራል። ጭብጨባ ቀድሜ አልጀምርም፣ ዘግይቼም አልጨርስም።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ እኛ መምህራን ግን የይለፍ ወረቀት ስላልተሰጠን ከተማው ውስጥ ነን። ለአብዮት በዓል ትልቅ ሰው በአውሮፕላን ይመጣል ተባለ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይነዳል፣ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል። የሜዳው ዳርና ዳር በድንጋይ ተሰምሯል፤ ድንጋዩ ነጭ ካልተቀባ ከላይ አይታይም። ኖራ ደግሞ የለም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት፣ ኖራ የጫነው መኪና አርባ ምንጭ ቀርቷል።

ካድሬው ሕዝቡን ሰብስቦ መላ ሲጠይቅ ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ከጋሞ ደጋ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ከከተማው የድንጋይ ቤት ግማሹን የሠራ።

“ወደ ቆላ ሲወረድ ነጭ ድንጋይ አለ” አለ። “አባቴ አቃጥሏል፣ እኔም አቃጥያለሁ። ሦስት ቀን እንጨት፤ ከዚያ ኖራ ነው።”

ይህን ሰው ከተማው በሌላ ነገርም ያውቀዋል። ጴንጤ ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ተይዞ አራት ወር ታስሯል፤ ሲፈታም “ሁለተኛ በማናቸውም ነገር ስምህ ቢነሳ እዚህ አትታሰርም፤ አርባ ምንጭ ነው የምትላከው” ተብሏል። አርባ ምንጭ ከተላከ ሰው ማን እንደተመለሰ የሚያስታውስ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደውም ነበር። እመቤታችንን አያከብሩም እያልኩ፣ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ አንገቴን ብቻ እነቀንቅለታለሁ።

ሰዉ በዘመቻ ወጥቶ ነጩን ድንጋይ በአህያና በትከሻ አመጣ። ግንበኛው በሜዳው ጫፍ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዙሪያውን ገንብቶ፣ ላዩን ክፍት የተወ ምድጃ ሠራ። እሳቱ በተለኮሰ በማግስቱ ማለዳ ኃላፊያችን ሊጎበኝ መጣ። እኛም ተከተልነው። ከምድጃው አፍ ላይ አየሩ ሲንቀጠቀጥ አይቶ እጁን ዘረጋ።

“ሙቀት እየባከነ ነው!”

“አይባክንም ጌታዬ፣ ሥራ ላይ ነው” አለ ግንበኛው።

“በሳይንስ ዓይን ሲታይ ይሄ ክፍት ሥርዓት ነው። ሚዛን የሚመጣው በዝግ ሥርዓት ነው። ይከደን!”

“ድንጋዩ ትንፋሽ አለው፣ ጌታዬ። ትንፋሹ ካልወጣ ድንጋይ ድንጋይ ነው።”

“ድንጋይ ይተነፍሳል!” ኃላፊው ወደ እኛ ዞረ። “ሰማችሁ? እነዚህ ሰዎች ድንጋዩንም ያስጸልዩታል ማለት ነው!”

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀድሜ ሳልጀምር፣ ዘግይቼም ሳልጨርስ።

ቆርቆሮ መጣ፤ በቆርቆሮው ላይ ጭቃ ተለሰነ፤ ለእሳቱ በታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ድንጋዩ ጥላሸት ለብሶ ነበር። ግንበኛው አንዱን አንስቶ በመዶሻ መታው። ቅርፊቱ ትንሽ ዱቄት ሆኗል፤ ልቡ እንደተፈጠረ ነው። ግንበኛው መዶሻውን አስቀመጠ። ኃላፊው ግን ጃኬቱን ቆለፈ፤ ጃኬቱን ሲቆልፍ ሰው ሊያጠፋ እንደሆነ እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ጥቁር ሰሌዳ ተዘጋጅቷል። ኃላፊው የነጻ ጉልበትን ቀመር ጻፈ፤ እኛ በኮሌጅ የተማርነውን፣ አንድ ለውጥ በራሱ መሄድ ይችል እንደሆነ የሚነግረውን። ካድሬው ከወንበሩ ዘንበል አለ።

“ነጻ ጉልበት የምትለው ምንድን ነው? ያለ ደመወዝ የሚሠራው ነው? እሱንማ እኛም አላጣነውም።”

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው ሳይስቅ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ሠንጠረዥ ቁጥሮቹን አወጣ፤ ደመረ፣ ቀነሰ፤ መልሱን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ፖዘቲቭ መቶ ሠላሳ።

“ጓዶች! ኔጌቲቭ ቢሆን ኖሮ ይሆናል። ፖዘቲቭ ነው፤ አይሆንም! ይህ ድንጋይ ቢቃጠል፣ ቢለመን፣ ቢጸለይለት ኖራ አይሆንም። ይህ ሰው የሕዝብ እንጨትና የሕዝብ ጉልበት አውቆ አባክኗል። ይሄ አሻጥር ነው።”

ግንበኛው ከተቀመጠበት ተነሳ። “ጌታዬ፣ እኔ ቁጥር አላውቅም፤ ግን አባቴ…”

“አያችሁ! አላውቅም አለ!”

ካድሬው ሞኝ አልነበረም። ሰሌዳውን አየ፤ ግንበኛውን አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ረድፉን አቋርጦ እኔ ጋ ቆመ።

“ጓዲት፣ አንቺም የኬሚስትሪ መምህርት ነሽ። ቁጥሩ ትክክል ነው?”

ተነሳሁ። ድምሩን በልቤ ደገምኩት። አንድ ነገር እንደ እሾህ ጎኔን ወጋኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ለማወቅ አልቆምኩለትም። የዝውውር ማመልከቻዬ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

“ቁጥሩ ትክክል ነው” አልኩና ተቀመጥኩ።

ግንበኛውን ይዘውት ወጡ። መንገዱ እስኪጠገን ቀበሌ ይቆያል፤ መኪና ማለፍ ሲጀምር በመጀመሪያው መኪና አርባ ምንጭ ይሄዳል ተባለ።

ሁለተኛዋ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ የኮሌጅ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። በዚያ ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ማስታወሻዬ በእጅ ጽሑፍ ውድድር የሚያሸልም ነው፤ ቀዩ በቀይ፣ ሰማያዊው በሰማያዊ ተሰምሯል። ከዚያ ሁሉ ውበት ውስጥ አንድም ቦታ “ለምን?” የሚል ቃል አላገኘሁም። የወጋኝን እሾህ ግን አገኘሁት። ቀመሩ መሀል ላይ ሙቀት አለ። ሠንጠረዡ የተሠራው ለሃያ አምስት ዲግሪ ነው። ሃያ አምስት ዲግሪ የእኔ መኝታ ቤት ሙቀት ነው። ኃላፊው ያን ሁሉ እንጨት የፈጀውን እሳት መኝታ ቤቴ ውስጥ አስገብቶ አስልቶታል፤ እኔም ትክክል ነው ብያለሁ።

ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩት። ቀመሩ የሁለት ፍላጎቶች ሙግት ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለው አየር ከድንጋዩ ጋር ጥብቅ ብሎ ተያይዟል፤ ለማላቀቅ ሙቀት ይከፈላል። በሌላ ወገን አየር አየር ነው፤ መበተን ይወዳል። ለመበተኑ ወገን ጉልበት የሚሰጠው የሙቀቱ መጠን ነው፤ ቀመሩ ውስጥ አብሮት ይባዛል። በመኝታ ቤቴ ሙቀት ያዡ ያሸንፋል። እሳቱ ሲጨምር የበታኙ ድምፅ ይበረታል። ወደ ስምንት መቶ አርባ ዲግሪ ግድም እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ ድንጋዩ ይለቃል። እንግዲያ ኖራ ይሆናል። የግንበኛው አባት ዋሽቶ አልነበረም።

ታዲያ ለምን አልሆነም? ይህን ደብተሬ አልነገረኝም። ቆሎ ቋጥሬ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። የማልወደው ሰው ጋ፣ ጴንጤ ጋ፣ በፍልሰታ። ዘበኛው የተማሪዬ አባት ስለነበር በመስኮት እንዳነጋግረው ፈቀደልኝ።

“መምህርት፣ ምን ሆነሽ መጣሽ?” አለኝ ግንበኛው። እሱ ታስሮ እኔን ምን ሆነሽ ይለኛል።

“ክዳኑ ነው?” አልኩት።

“ክዳኑ ነው።”

“ክዳኑ እሳቱን ስላፈነው ነው?”

“እሳቱንም አፍኗል። ግን እሳቱ ባይታፈንም ትንፋሹ ከታፈነ አይሆንም። ወጥቶ ይመለሳል።”

“እንደሚመለስ በምን ታውቃለህ?”

ከት ብሎ ሳቀ። “ግድግዳ ትቀቢያለሽ አይደል? ኖራው ለስላሳ ነው። ዓመት ቆይተሽ በጥፍርሽ ብትጭሪው ድንጋይ ሆኗል። ትንፋሹን ከየት አመጣው? ከነፋሱ ነዋ። የሄደው ተመልሶ ገባ። ሲገባ እያየሁ ነው ያረጀሁት።”

ኬሚካዊ ሚዛን ማለት ይህ ነበር። ተማሪዎቼን “ሚዛን ማለት ለውጡ ሲያቆም ነው” ብዬ አጽፌያቸዋለሁ፤ ውሸቴን ነው። ምንም አይቆምም። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ሲሆን ከውጭ ለሚያይ የቆመ ይመስላል እንጂ። የእኛን ትምህርት ቤት ብቻ ባየሁ ይበቃኝ ነበር። በየዓመቱ ስድስት መምህር በዝውውር ይሄዳል፣ ስድስት አዲስ ይመጣል፤ ርዕሰ መምህሩም “የመምህራን ብዛት እንዳለ ነው” ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ኃላፊያችን ዝግ ሥርዓት ሚዛን ያመጣል ያለው ልክ ነበር። ሚዛኑን አመጣው፤ ኖራውን ያስቀረው ያው ሚዛን ነው። አየሩ ሲወጣ ነፋስ ቢወስደው የሚመለስ አይኖርም፤ የሚመለስ ከሌለ ድንጋዩ እየለቀቀ ይሄዳል።

ግን ይህን ለማን አስረዳለሁ? ክዳኑ እሳቱንም አፍኖታልና፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማሳየት ነበረብኝ። ገበያ ወርጄ ሸክላ ከሚሠሩ የአሪ ሴቶች ትንንሽ ማሰሮዎች ገዛሁና አንድ ቀጥቃጭ ጋ ሄድኩ። ከነጩ ድንጋይ ሰባብሬ በሁለት ማሰሮ ከተትኩ፤ አንዱን በሸክላ ጭቃ አፉን ደፈንኩት፣ አንዱን ክፍት ተውኩት። እሳቱ ውጭ ነው፣ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ክዳኑ ብቻ ነው። ቀጥቃጩ ወናፉን እየነፋ አየኝ።

“ድንጋይ ልትቀቅይ ነው? ጾማችሁ እዚህ ደረሰ?”

“አዎ፣ ዘይትም የለውም” አልኩት።

ሚስቱ እየሳቀች ከሰል ጨመረች። የመጀመሪያው ድፍን ማሰሮ ጭቃው ሳይደርቅ አስገብቼው ተሰነጠቀ። በማግስቱ በደንብ አድርቄ ደገምኩት። ረፋድ ላይ ጀምረን፣ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን አውጥተን አቀዘቀዝን። ከክፍቱ ማሰሮ የወጣውን ድንጋይ ውሃ ውስጥ ጣልኩት፤ ፈላ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ተፈረካከሰ፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ከድፍኑ የወጣውን ጣልኩት፤ ቅርፊቱ ጥቂት አረፋ ሠራና ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ታች ተቀመጠ። ቀጥቃጩ ወናፉን ትቶ ተነሳ። እኔ አማተብኩ።

በዚያን ቀን መንገዱ በሁለት ቀን ውስጥ ይከፈታል የሚል ወሬ መጣ።

በቀጥታ ካድሬው ጋ ሄጄ “ኃላፊያችን ተሳስቷል” ብል ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ኃላፊው ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ሰው ነው፤ ያሳፈረውን ሰው ይበላዋል እንጂ አይለቀውም። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱም ውስጥ ጃኬቱን ለብሷል።

“ያን ቀን ስሌቱን መሀል ላይ ያቆሙት ለጥንቃቄ እንደሆነ ገብቶኛል” አልኩት።

“መሀል ላይ?”

“በሃያ አምስት ዲግሪ ማለቴ ነው። የምድጃውን ሙቀት የሚያስገባውን ሁለተኛውን ክፍል ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቆዩት መስሎኝ። እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ሙከራውን አድርጌዋለሁ። ውጤቱም እርስዎ እንደሚሉት ይሆናል ብዬ እንደገመትኩት ነው።”

ወረቀቱን ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ይህ ከጃኬቱ ሊሆን ይችላል።

“እርግጥ ነው” አለ በመጨረሻ። “ሁለተኛው ክፍል። በሳይንስ ዓይን ሲታይ ሁለተኛ ክፍል አለው።”

ሰው ሲዋሽ እያየሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ኃላፊው ሁለቱን ማሰሮ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ የእኔን ወረቀት በእጁ መዳፍ ሸሽጎ እያነበበ ተናገረ። ክዳኑን ማን እንዳዘዘ አላነሳም፤ “ክዳን የተደረገው ለንጽጽር ነው” አለ። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ሲጥለውና ሲፈላ ሕዝቡ ጮኸ። ካድሬው ሳቀና አጨበጨበ፤ ግንበኛው እንዲለቀቅና ምድጃውን ያለ ክዳን እንዲያነድ አዘዘ። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ቀን ቀድሜ ጀመርኩ።

ኖራው በሦስት ቀን ወጣ፤ በረዶ የመሰለ። የሜዳው ድንጋይ ተቀባ። በበዓሉ ቀን ደመና ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው፤ አውሮፕላኑ ከላይ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማነውና ሳያርፍ ተመለሰ። ከብቱ ተመልሶ ገባ፤ ላሞቹ ነጩን ድንጋይ እየላሱ ዋሉ። ኃላፊያችን ለፈጠራ ሥራው ተሸልሞ ወደ ዋናው ከተማ ተዛወረ። የእኔ ማመልከቻ “ለጊዜው አልተቻለም” ተብሎ ተመለሰ።

ግንበኛው በመስከረም የተረፈ ኖራ በባልዲ ይዞ ቤቴ መጣ። ግድግዳዬን ሊቀባ ነው። በር ላይ ቆሜ ነገርኩት፤ በልቤ ይዤው መቆየት አልቻልኩም።

“ቁጥሩ ትክክል ነው ያልኩት እኔ ነኝ።”

“ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርኩኮ።”

“እና?”

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረ። “ቁጥሩ ትክክል አልነበረም?”

“ትክክል ነበር።”

“ሌላ ጊዜ ሲጠይቁሽስ ምን ትያለሽ?”

“የየትኛው ሙቀት ቁጥር ነው? እላለሁ።”

“እሱን በይ” አለና መቀባት ጀመረ።

ነገሩን ለንስሐ አባቴም አስረዳኋቸው። ማሰሮውንም፣ ሠንጠረዡንም፣ የታሰረውንም ሰው ሳልደብቅ። አባ አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። “እውነት ተናግረሽ ምን ንስሐ ልስጥሽ ልጄ? እንዲህ ያለ ኃጢአት በመጽሐፍም አላየሁ” አሉኝ። ከዚያ ግን ስለዚያ ባለ ጃኬት ስናገር ድምፄን ሰምተው ኖሮ፣ “ስለ ንቀትሽ አርባ ስገጂ” አሉኝ።

ሰገድኩ። ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ ያ ሰው በጥቁር ጃኬቱ፣ ወረቀቴን በመዳፉ ሸሽጎ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ከአንድ ጀመርኩ።